ጢሱ በየትኛው ወደብ ይመርመር?

ያረጀ አውቶሞቢል ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በመርከብ ሲሻገር፥ ጢሱን የሚያጣራለት ካታሊቲክ ኮንቨርተር አንዳንድ ጊዜ አብሮት አይሻገርም፤ ፕላቲኒየም ያለበት ስለሆነ አስቀድሞ ተነቅሎ ይሸጣልና። ይህንንም የሆላንድ መንግሥት መርማሪዎች ራሳቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል።

የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር፥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገሮቹ የሚገባ መኪና ሁሉ «ዩሮ 4» የተባለውን የጢስ ደንብ እንዲያሟላ ወስኗል። ውሳኔው ደግ ነው። ዳሩ ግን ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ካበቃ በኋላ የጉምሩክ ሹም መኪናውን ቢመልሰው የሚጎዳው ማን ነው? ነቅሎ የሸጠውማ ትርፉን ይዞ ከቤቱ ተቀምጧል!

አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ከለከለች ነገሩ አይነካንም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቀድሞ የገባው ግን ዛሬም ይጨሳል። ስለዚህ እኛ የምንለው፥ ምርመራው በሚነሣበት ወደብ ይደረግ፤ ማጣሪያው የተነቀለበት መኪና መርከብ ላይ አይጫን ነው።