የባለሙያው ሞተር ለምን ይቆማል?

ከመሐል ሜዳ ራቅ ባለ ቀበሌ የሚኖር አንድ አርሶ አደር ላሙ ኮርማ መፈለጓን በጠዋት አየ እንበል። ወዲያው ለአዳቃይ ባለሙያው ስልክ ይደውላል። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የፈለገች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል እንዳለባት ከባለሙያው ሰምቷል። የፍላጎቷ ጊዜ ከግማሽ ቀን ብዙም አይዘልም። ያ ካመለጠ ቀጣዩ ዕድል ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ባለሙያው ግን ሊደርስ አልቻለም። ሞተሩ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አለ፤ ነዳጅም አለው። ያስቆመው የመለማመጃ ፈቃዱ ጊዜ ማለፉ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። የአንድ ወረቀት ቀን ማለፍ ከግብርና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች ግን የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ በሞተር ሳይክል ላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሞላሌ እስከ ወገሬ፣ ከዘመሮ እስከ ራቤል ያሉት ቀበሌዎች በገደልና በሸለቆ የተለያዩ ናቸው። መኪና የማይገባበት ብዙ ነው፤ በእግር ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ቀኑ አይበቃም። ቀደም ሲል ይህን ክፍተት የሚሞሉት ፈረስና በቅሎ ነበሩ። ዛሬ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃና የምርጥ ዘር ናሙና የሚጓዙት በሞተር ነው።

የሚጠብቃቸው ሀብትም ቀላል አይደለም። የመንዝ በግ የደጋው ሕዝብ የባንክ ደብተር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ያስጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የሚዘልቀው የግልገሉ ልደትና ክብደት በጊዜው ሲመዘገብ፣ የተመረጠው አውራም በወቅቱ ለመንጋው ሲደርስ ነው። በበጎችና በፍየሎች ላይ የሚከሰተውን ደስታ መሰል በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት የተያዘው ዘመቻም የሚሳካው ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ እንደተጠበቀ በጉ ካለበት ሲደርስ ነው። ክትባቱ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው የሰዓታት ነው። ፈቃድ እስኪታደስ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዝም ብሎ መንዳት ነው። «የማውቀው መንገድ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስም የለበት» እየተባለ ቀኑ ባለፈ ወረቀት መጓዝ ሕግ መጣስ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ያለ ፈቃድ ማሽከርከርን ይከለክላል። አዋጁ ለከተማ አስፋልት ብቻ የወጣ አይደለም፤ የገጠሩንም ጥርጊያ መንገድ ይመለከታል። አደጋ ቢደርስ ባለሙያው ከጉዳቱ በተጨማሪ ተጠያቂነትንም ይሸከማል። መንገድ ዳር በግ የሚጠብቀው ሕፃንም ያለ ጥፋቱ ዋጋ ይከፍላል።

ሁለተኛው ስህተት ባለሙያውን ለዕድሳት ቀናት ከሥራው ማስቀረት ነው። ከዓለም ከተማ ወይም ከራቤል ተነስቶ ዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ የሚጠፋው ጊዜና የአበል ወጪ ይታወቃል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ነው። በዚያ ላይ «ዛሬ ፈታኝ የለም፤ ለፈተና የሚሆን ሞተር ተበላሽቷል» ተብሎ ሲመለስ ባለሙያው ተስፋ ቆርጦ ወደ መጀመሪያው ስህተት ይገባል። ሕግ አክባሪው ሰው ሕግ አፍራሽ የሚሆነው በአብዛኛው እንዲህ ባለው መጉላላት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የመለማመጃ ፈቃዱ ያለፈበት ባለሙያም ሆነ አርሶ አደር ዕድሳቱንም ፈተናውንም ዕለት ተዕለት በሚነዳው የራሱ ሞተር እንዲወስድ መፍቀድ ይገባል። ይህ ለማቅለል ብቻ የሚቀርብ ሐሳብ አይደለም፤ ለደኅንነትም ይሻላል። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተር ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ በሌላ ሰው ሞተር ክብ ዞሮ ያለፈ ሰው የራሱ ሞተር ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ማድረግ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። ወደ ጀማ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬን ብቻ ይዞ ከሄደ ፍሬኑ ይግላል፤ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድን የሚለምደው በገዛ ሞተሩ ነው። ከኋላ የናይትሮጅን ዕቃ የተጫነበት ሞተር ባዶ እንደሆነው ሞተር አይታጠፍም። ስለዚህ ፈተናው መሆን ያለበት በጠጠር መንገድ፣ በቁልቁለት፣ በጭነትና ከብት በሚያቋርጥበት ቦታ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም አለ። በእንግሊዝ አገር የጀማሪ ሞተረኛ የሥልጠና ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ጊዜው ካለፈ ነጂው ሥልጠናውን እንደገና ይወስዳል፤ ሕጋዊ የሆነ የራሱን ሞተር ይዞ መቅረብም ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ ካለፈበት ሞተሩን በሕዝብ መንገድ ላይ እየነዳ መሄድ አይፈቀድለትም፤ በመኪና አስጭኖ ይወስደዋል ወይም የማሠልጠኛውን ሞተር ይጠቀማል። በአፍሪካም ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት እንደ ሌሶቶና ጋምቢያ ባሉ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ሞተር መንዳት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ መፈተሽንም ያስተምር ነበር። የሥራው መነሻ ሐሳብ ሞተሩ ከቆመ አገልግሎቱም ይቆማል የሚል ነው። ለግብርናም እውነቱ ያው ነው።

በራስ ሞተር መፈተን ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ መሆን የለበትም። ሞተሩ ሰሌዳና ሊብሬ ያለው፣ የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ የተለጠፈበት፣ የሦስተኛ ወገን መድን የተገባለት መሆን አለበት። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ መብራቱና ጥሩንባው በፈታኙ ፊት ይታይ። ነጂው የራስ ቁር ይዞ ይቅረብ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የራስ ቁር በአግባቡ ማድረግ የመሞትንም የጭንቅላት ጉዳትንም አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ሞተሩን እየነዳ ወደ ፈተናው መምጣት የለበትም፤ ፈቃድ ያለው ባልደረባው ይንዳለት፣ ካልሆነም በመኪና ይጫን።

«በራሱ ሞተር ከተፈተነ ያላግባብ ማለፍ ይበዛል» የሚል ሥጋት ሊነሳ ይችላል። ሥጋቱ መናቅ የለበትም። ይሁን እንጂ ያላግባብ ማለፍን የሚያመጣው የሞተሩ ባለቤትነት ሳይሆን የፈታኙ ቸልተኝነት ነው። ፈተናው በአደባባይ፣ ከአንድ በላይ ፈታኝ ባለበት፣ ውጤቱም በዕለቱ ተጽፎ ቢሰጥ በሩ ይጠባል። የወደቀ ሰው ምን እንዳጎደለ ተነግሮት ተለማምዶ ይመለስ። ማሳለፍ ርኅራኄ አይደለም።

ጊዜና ቦታውም ታስቦ ይወሰን። በደጋው የመኸር ውቂያ አልቆ ለበልግ ማሳ ከመገባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ሠራተኛውም አርሶ አደሩም ትንሽ ፋታ የሚያገኙባቸው ናቸው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፈታኞች በእነዚህ ሳምንታት አንድ ጊዜ ወደ መሐል ሜዳ፣ አንድ ጊዜ ወደ ዓለም ከተማ ቢወጡ በርካታ ባለሙያዎች ወደ ደብረ ብርሃን ከሚመላለሱ ይልቅ ወጪው ያንሳል። ለገበያ ቀን ቢሆን ደግሞ በግና ምስር ሸጦ ሞተር የገዛው አርሶ አደርም ከጉዳዩ ጋር አብሮ ይጨርሳል። ማንበብ የሚከብደው ሰው የመንገድ ምልክቶችን በቃል የሚጠየቅበት መንገድም ሊታሰብ ይገባል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግን ፈታኝ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። የየባለሙያው ፈቃድ መቼ እንደሚያበቃ የሚያሳይ አንድ መዝገብ መክፈት በጀት አይጠይቅም። ቀኑ ሁለት ወር ሲቀረው ማስታወስ፣ ፈቃዱ ላለፈበት ባለሙያ ደግሞ ፈቃድ ያለው ባልደረባ መመደብ የኃላፊው ሥራ ነው። «ሂድና ክትባቱን አድርስ» ብሎ ቀኑ ባለፈ ወረቀት የሚያሰማራ ኃላፊም የጥፋቱ ተካፋይ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሞተሩም እንዲሁ ነው፤ የሚሠራው በላዩ ያለው ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ሕጋዊ ሆኖ፣ ችሎታው ተረጋግጦ፣ በወቅቱ ከአርሶ አደሩ ደጅ እንዲደርስ ማድረግ የዞንና የወረዳ አመራሩ ድርሻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መዝገቡ ዛሬ ቢከፈት ለመጪው የክትባት ዘመቻ ይደርሳል።