ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ቀኑን ምን ሲያደርግ ይውላል?

ባለፈው ወር በአንድ ማክሰኞ ጧት ግቢያችን ቁርስ ሳይበላ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። የምግብ ቤት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበርና ነው። በዚያ ቀን በየመኝታ ቤቱ በረንዳ የተሰማውን ንግግር ሁላችንም እናስታውሳለን። «ሥራ ጠልተው ነው»፣ «ዕረፍት አምሯቸው ነው»፣ «ፀሐይ ሊሞቁ ነው» ይባል ነበር። ከተናጋሪዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ እንዳልሆነ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

የአድማው ምክንያት አጭር ነው። ሠራተኞቹ የተቀጠሩት በግቢው ሳይሆን በአንድ ኤጀንሲ በኩል ነው፤ የሁለት ወር ደመወዛቸውም አልተከፈለም። ኤጀንሲውን ሲጠይቁ «ግቢው ገንዘቡን አልለቀቀልኝም» ይላቸዋል። ግቢውን ሲጠይቁ ደግሞ «እኛ የምናውቀው ኤጀንሲውን ነው» ይባላሉ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስጽፈዋል፤ ለአንዱም መልስ አላገኙም። እንግዲህ የሚሠሩለት ሌላ፣ የሚከፍላቸው ሌላ፣ የሚቆጣቸው ደግሞ ሁለቱም የሆኑበት ሰው አቤቱታውን ለማን ያቅርብ? ደመወዙ በጊዜው ቢከፈል እንኳ የአንድ ወሩ ጤፍ በኩንታል እንደማይገዛ ከመካከላችን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

«ታዲያ ለምን በሕግ አይሄዱም?» ያለኝ ጓደኛ አለ። እኔም ሕጉን አነበብሁት። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ መንገዱን ያሳያል። ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው መስማማት፣ ምክንያቱን ገልጾም ከ10 ቀን በፊት ማስታወቅ ያስፈልጋል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማኅበር ላለው ሰው የተጻፈ ነው። የእኛ ወጥ ሠሪዎች ማኅበር የላቸውም። ለማቋቋም ዐሥር ሰው ይበቃል፤ እነርሱ ከሠላሳ ይበልጣሉ። ይህን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኛ በዚሁ ግቢ ሕግ እየተማርን፣ እነርሱ እያበሉን፣ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ያነበበላቸው አልተገኘም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ቀኑን ምን ሲያደርጉ ዋሉ?

የጧቱን የነገሩኝ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ናቸው፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ያለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከልምድ የተነሣ ሁሉም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነቅተዋል። 12 ሰዓት ላይ ከበሩ ውጭ በአጥሩ ሥር ተሰበሰቡ። አንዷ እንዝርት ይዛ መጥታ ትፈትላለች፤ ሁለቱ ልጅ አዝለዋል። እስከ 3 ሰዓት ጨዋታው ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው አለቀና ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር። በ5 ሰዓት ጥቂቶቹ ወንዶች የቀን ሥራ ይገኝ እንደ ሆነ ብለው ሕንፃ ወደሚሠራበት ሄዱ። ከቀትር በኋላ እናቶቹ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ተራ በተራ ተነሡ። «እትዬ፣ ደከመዎት?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሥራው ይሻለኝ ነበር፤ የደከመኝስ መቀመጡ ነው» አሉኝ።

9 ሰዓት ላይ የቀሩት ዐሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። የኤጀንሲው ሰው መዝገቡን ይዞ የመጣው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። አንድ በአንድ ስም እየጠራ «ነገ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?» ይል ጀመር። ሁሉም በአንድነት ቢኖሩ ኖሮ «ለየብቻ አትጠይቀን» የሚል አይጠፋም ነበር። ዐሥራ አንድ ሰው ግን ጎረቤቱን አየ፤ ጎረቤቱም እርሱን አየ፤ በማግሥቱ ሁሉም ገቡ። ከሁለቱ ወር ደመወዝ የአንዱ ተከፈለ። የሦስት ሴቶች ስም ግን ሳይጠራ ቀረ።

ይህን ካየሁ በኋላ አድማ የሚሸነፈው በአሠሪው ብርታት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ባዶ ቀንም ያሸንፈዋል። በሌላ አገር ይህን አስቀድመው ያወቁ ነበሩ። በፈረንጆች 1889 በኦገስት ወር የለንደን ወደብ ጫኝና አውራጆች ሥራ አቆሙ። እነዚህ ሰዎች በየጧቱ በወደቡ በር ተጋፍተው ቆመው የተመረጠው ይገባል፤ ያልተመረጠው ባዶ እጁን ይመለሳል። የተመረጠውም ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ሊሰናበት ይችላል። በሰዓት 5 ፔንስ ይከፈላቸው ስለ ነበር 6 ይሁንልን፣ የተቀጠረም ሰው ቢያንስ ለ4 ሰዓት ይቀጠር አሉ። (በየአደባባያችን ጠርዝ በማለዳ ዶማና አካፋ ይዞ የሚቆመውን ሰው ያየ፣ ይህን ለመረዳት ለንደን መሄድ አያስፈልገውም።) መሪዎቻቸው ቤን ቲሌት፣ ቶም ማንና ጆን በርንስ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ለየቀኑ ሥራ አበጁለት። ከፊሉ ሌላ ሠራተኛ እንዳይገባ ቀንና ሌሊት በሮቹን ይጠብቃል። የቀረው በሰልፍ ባንኮችና ታላላቅ የንግድ ቤቶች ወዳሉበት የከተማው እምብርት ይጓዛል። በእንጨት ጫፍ የዓሣ ጭንቅላትና ሽንኩርት ሰክተው «ምሳችን ይህ ነው» ብለው ለባለጸጎቹ ያሳዩ ነበር። የምግብ ቲኬትም ይታደላል፤ እርሱን ለመቀበል የሚሰለፍ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል። ከአውስትራሊያ ብቻ ከ30,000 ፓውንድ በላይ ርዳታ መጣላቸው። አምስት ሳምንት ያህል ቆይተው፣ ካርዲናል ማኒንግ አስታራቂ ሆነው ገብተው፣ ስድስቷን ፔንስ አገኙ።

በአሜሪካም በፍሊንት ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች በ1936 መጨረሻ ያደረጉት የባሰ ብልኅነት ነበረው። ከፋብሪካው አልወጡም፤ እዚያው ውስጥ ተቀመጡ። በውስጥ ካሉ በእነርሱ ቦታ ሌላ ሰው ማስገባት አይቻልም። መጠጥ ከለከሉ፤ ቤቱን በየቀኑ በተራ አጸዱ፤ ትምህርትና ሙዚቃም አቋቋሙ። ከውጭ ምግብ የሚያቀብሉት ሚስቶቻቸውና የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ። እስከ ፌብሩዋሪ 1937 ድረስ 44 ቀን ቆይተው ኩባንያው ማኅበራቸውን እንዲያውቅላቸው አደረጉ።

የራሳችንንም አገር አንርሳ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ከተቋቋመ በኋላ የጠራው ታላቁ አድማ የካቲት 28 ቀን 1966 ተጀምሮ አራት ቀን ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ወር በ11ኛው ቀን መምህራኑና በቤንዚን ዋጋ የተማረሩት ባለታክሲዎች ሥራ አቁመው ነበር። ተማሪውም በየመንገዱ አብሯቸው ነበር። ይህን የማነሣው የዛሬውን ተማሪ በአባቶቹ ለማሳፈር አይደለም፤ ዘመኑም ነገሩም ሌላ ነው። አድመኛው ያን ጊዜ ዞር ብሎ ሲያይ ከኋላው ሰው ያገኝ ነበር፤ ይህ ግን የሚያከራክር አይመስለኝም።

በእኛ ማክሰኞ ከኋላቸው ማን ነበረ? ይህን መናገር ይከብደኛል፤ መናገር ግን ይገባኛል። በዚያ ጧት በ1 ሰዓት የምግብ ቤቱ ኃላፊ ወደ መኝታ ቤታችን መጥቶ «ዳቦና ሻይ የሚያድሉ በጎ ፈቃደኞች እፈልጋለሁ» አለ። ሃያ ያህል ተማሪዎች ወጣን። ነጭ ሽርጥ ታጠቅን፤ ተሳሳቅን፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በላ። የአድማው ጉልበት ሁሉ በዚያች ቁርስ ላይ ነበረ፤ እኛም በሳቅ አነሣንላቸው። ኤጀንሲውም እስከ 9 ሰዓት ታግሦ የተቀመጠው ቁርሱም ምሳውም ያለ እነርሱ እንደታደለ አይቶ ነው። በኋላ በአጥሩ ሥር ካነጋገርኋቸው እናት አጠገብ ስቀመጥ ሽርጡ በእጄ ነበር። አይተውታል፤ ምንም አላሉኝም።

በሚመጣው ቅዳሜ በኅብረታችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥራ ባቆሙ ሠራተኞች ቦታ ተማሪ ገብቶ እንዳይሠራ እንወስን። እነርሱ ሥራ ባቆሙበትም ቀን የኅብረቱ አዳራሽ ይከፈትላቸው፤ ልጆቻቸውን የሚይዝ ሰው ይመደብ፤ ከሕግ ተማሪዎችም አንዱ አዋጁን በአማርኛ ያንብብላቸው። በተጨማሪም ስለ ሦስቱ ሴቶች ለኤጀንሲውና ለግቢው አስተዳደር በኅብረቱ ማኅተም ደብዳቤ ይጻፍ። «የኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ተናጋሪ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እርሱ ከመነሣቱ በፊት ሽርጥ ታጥቀን ዳቦ ያደልን ሰዎች እጃችንን እናውጣ፤ እኔ አወጣለሁ።

ይህ ጋዜጣ እስከሚታተም ድረስ ሦስቱ ሴቶች ወደ ሥራቸው አልተመለሱም።