ኳሱን የምትገዛው ለክንድህ ነው ለስሙ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ለየት ያለ ሆኖ ስላገኘነው ቅድሚያ ሰጥተነዋል። ጸሐፊው የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ስሜ ይቆይልኝ ስላለን አናወጣውም።

ጥያቄ፦ “ዕድሜዬ 29 ነው። አለቃዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልፍ አብሬው እንድጫወት ጋበዘኝ። እዚህ አገር ስንት ጉዳይ የሚያልቀው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ሣር ላይ ስለሆነ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ዱላውን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ኳሱን ግን ‘ሻምፒዮኖቹ የሚመቱት ነው’ ሲባል ሰምቼ አንዱን ደርዘን ከ50 ዶላር በላይ ገዛሁት። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 7ቱ ጫካና ውሃ ገቡ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይነሳና መሐል ላይ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ሰዎቹ ይስቃሉ። እስካሁን 3 ደርዘን ጨርሻለሁ። እጮኛዬ ‘የሰርጋችንን ገንዘብ ጫካ ውስጥ እየዘራህ ነው’ ብላ ተቆጥታለች። ልተወው ብል ደግሞ አለቃዬ ይቀየመኛል። ለመሆኑ ጥፋቱ የኔ ነው የኳሱ? ከዚህ የተሻለ ኳስስ አለ?”

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ አይዞህ! ኳሱ የሚጠመዘዘው በእጅህ ጥፋት ነው። ኪስህን ያራቆተው ግን የኳስ ምርጫህ ነው። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

ላይ ላዩን ሲያዩት የጎልፍ ኳስ ሁሉ አንድ ነው። በደንቡ መሠረት ክብደቱ ከ45.93 ግራም መብለጥ፣ ውፍረቱም ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ገላው ላይ ያሉት ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ስርጉዶችም ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። እነሱ ባይኖሩ ኳሱ የሚሄደው ግማሹን ያህል መንገድ ብቻ ነበር። ይህ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ኳስ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ተጫዋቾች ከአዲሱ ልሙጥ ኳስ ይልቅ በዱላ ተጫጭሮ ያረጀው ርቆና ቀጥ ብሎ ሲበር አዩ። አሮጌ ብለው የናቁት በለጠ ማለት ነው!

ዋናው ልዩነት ግን ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለ።

አንደኛው ባለ ሁለት ክፍል የሚባለው ነው። ውስጡ ትልቅ ጎማ፣ ላዩ ጠንከር ያለ ሽፋን ነው። ብዙ አይሽከረከርም፣ ቶሎ አይላጥም፣ ዋጋውም ከዚያኛው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል።

ሁለተኛው ሦስትና ከዚያ በላይ ክፍል ያለው፣ ሽፋኑ ዩሬቴን ከሚባል ለስላሳ ነገር የተሠራ ነው። አንተ የገዛኸው ይህንን ነው። ጥሩ ተጫዋች ከቅርብ ሲመታው በደንብ ይሽከረከርና ጉድጓዱ አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዋጋ የሚከፈለው ለዚህች ጥበብ ነው። ኳሱን ጫካ ለሚሰድ ጀማሪ ግን ምን ይፈይዳል? እንዲያውም ሽክርክሪት የሚወድ ኳስ የተጣመመ ምት ሲያገኘው መጠምዘዙ ይብሳል።

ሌላው የክንድ ጉዳይ ነው። የታወቁት ባለሙያዎች ረጅሙን ዱላ ሲወነጭፉት በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ተራው ወንድ ተጫዋች ከ150 ብዙም አያልፍም። የኳስ ጥንካሬ ‘ኮምፕሬሽን’ በሚባል ቁጥር ይለካል። ከ70 በታች ለስላሳ፣ ከ90 በላይ ጠንካራ ነው። ዝግ ያለ ክንድ ያለው ብዙውን ጊዜ ለስላሳው ይመቸዋል። ይሁንና ለስላሳው እጅ ላይ ይጥማል እንጂ ርቀትህን በተአምር አይጨምርም። ኳሱ ላይ የተጻፈው 1፣ 2፣ 3 የሚለው ቁጥርም የጥራት ደረጃ አይደለም። የማን ኳስ የማን እንደሆነ መለያ ነው፤ በቃ!

እንግዲህ እንዲህ አድርግ፦

1ኛ/ ለስለስ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ኳስ ግዛ። መጠምዘዙን በመጠኑ ይቀንስልሃል እንጂ አያጠፋውም።

2ኛ/ ከውሃና ከጫካ ተለቅመው ታጥበው የሚሸጡ ኳሶች አሉ። ለጀማሪ በቂ ናቸው። እንደገና ቀለም የተቀቡትን ግን ተዋቸው፤ ምን እንደደረሰባቸው አይታይም።

3ኛ/ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን አትምታ። አንድ ዓይነት ምረጥና ከጉድጓዱ አጠገብ ጀምረህ ወደ ኋላ እየራቅህ ሞክረው። ከቅርብ የት እንደሚቆምልህ ስታውቅ ያኔ ኳስህን አወቅኸው።

4ኛ/ ወደ ቀኝ የሚጠመዝዘው፣ ኳሱን በምትመታበት ቅጽበት የዱላው ፊት ክንድህ ከሚሄድበት አቅጣጫ አንጻር ወደ ቀኝ ስለሚከፈት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው የአያያዝ ችግር ነው። ለአራተኛው ደርዘን ያሰብከውን ገንዘብ ለአስተማሪ ክፈል።

5ኛ/ የጠፋ ኳስ ፍለጋ ሰው አታስጠብቅ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንቡ የሚፈቅደው 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

በአንድ ጨዋታ ከአንድና ከሁለት ኳስ በላይ የማይጠፋብህ ጊዜ ሲመጣ ውዱን ኳስ መሞከር ትችላለህ። እስከዚያው ግን እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር!

አንድ ነገር እንንገርህ። አገር ቤት መጥተህ አዲስ አበባ ላይ ብትጫወት ኳስህ ወደ 10 በመቶ ገደማ ርቆ ይሄዳል፤ መጠምዘዙም ቀለል ይላል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ‘ኳሱ ሠራልኝ!’ ብለህ ሌላ ደርዘን እንዳትገዛ።

የአለቃህን ነገር ካነሳህ አይቀር፣ ሰውየው ሻምፒዮን ቢፈልግ ኖሮ አንተን ባልጋበዘ ነበር። የፈለገው አብሮት ለአራት ሰዓት ያህል የሚራመድና የሚያወራ ሰው ነው። ‘ገና እየተማርኩ ነው’ በለው። አብረህ ሳቅ። ተራህን ጠብቀህ ቶሎ ምታ። ርካሽ ኳስ የመታ ሰው አይናቅም፤ ሰው የሚያስጠብቅ ግን ሁለተኛ አይጠራም።

እጮኛህ ደግሞ ልክ ናት! ቁጭ በሉና ለጎልፍ በወር ስንት እንደሚወጣ አብራችሁ ወስኑ። የተወሰነው ካለቀ ጨዋታው ለሚቀጥለው ወር ይቆያል። ኳስ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ የሷ እምነት ግን በደርዘን አይሸጥም።