ስለ መንግሥት ገንዘብ አወጣጥ

ዛሬ የእንጦጦ ራጉኤልና የእንጦጦ ማርያም አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ተራራ ላይ ምኒልክ ከትመው ሳሉ፤ ግብር ይገባ የነበረው በብር ብቻ አልነበረም፤ ማርም እህልም አሞሌ ጨውም ነበረ። የገባውን የሚያውቀው የግምጃ ቤቱን ቍልፍ የያዘው በጅሮንድ ነው፤ የንጉሡ ጓዳና የአገር ሀብትም በአንድ ደጅ ይገቡ ነበር። ከተማው ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ፤ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ አዲስ ነበረ፤ ልማዱ ግን የቀድሞው ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው ብለን እናምናለን። ይኸውም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የገባ ገንዘብ በየዓመቱ በተቈረጠው በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ፤ በጀቱንም የገንዘብ ሚኒስትሩ አቅርቦ ሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲመክሩበት ማዘዙ ነው። በዚያ ዘመን ምክር ቤቶቹ በሕዝብ የተመረጡ አለመሆናቸው የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ወጪ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይጻፍ መባሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ካህናት ይህን ሥርዓት አያጡትም፤ የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ መስቀሉንና ጽናውን ቈጥሮ ተረክቦ ቈጥሮ ያስረክባልና። በመሥሪያ ቤቶች ግን ሰኔ ሲደርስ፤ የተረፈው በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ የማያስፈልግ ወንበርና ምንጣፍ ይገዛል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ቦንድ ለገዙ የውጭ አበዳሪዎች የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በቀጠሮው ሳይከፍል ቀርቷል። እንዲህ ያለ ዕዳ ላለበት አገር የሰኔ ግዥ አይገባውም፤ ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴር፤ ዕቃው በጥቅምት ሳይፈለግ በሰኔ ስለ ምን እንደ ተፈለገ ከየመሥሪያ ቤቱ ሹም በፊርማ የተረጋገጠ መልስ እንዲቀበል እናሳስባለን።