የፎቶግራፉ ኖርዌይና የተማሪው ኖርዌይ



የዚህ አገር በጋ በመጣ ቁጥር አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችን የምንልከውን ፎቶግራፍ ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁ? ከበስተኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ፍዮርድ፣ ከፊት ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ የእኛ ሰው። ከዚያ በስልክ አንድ ቃል ይከተላል፤ «ዩኒቨርሲቲው በነፃ ነው፤ ልጁን ላኩት!»

ይህ ቃል ዛሬ እውነት አይደለም።

ድሮ እውነት ነበር። እኔ በርገን ስማር በየመንፈቀ ዓመቱ ከምከፍላት ጥቂት መቶ ክሮነር በቀር የትምህርት ክፍያ አላውቅም ነበር። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡም የኮታ ፕሮግራም የሚባል ነበር፤ መንግሥት ለተማሪው መኖሪያ ያበድራል፣ ተመርቆ አገሩ ለተመለሰ ብድሩ ይሰረዝለታል። ይህ ፕሮግራም ከ2016 ጀምሮ እንዲያከትም ተደረገ። ከ2023 መኸር ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ክልልና ከስዊዘርላንድ ውጭ የሚመጣ አዲስ ተማሪ ከፍሎ እንዲማር ተደነገገ። ክፍያው እንደ ትምህርቱ ዓይነት ቢለያይም በዓመት ከ100 ሺህ ክሮነር የሚያልፈው ብዙ ነው። በዚያ ላይ ለመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ ከ100 ሺህ ክሮነር በላይ የኑሮ ገንዘብ አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 ይህንኑ አድርገዋል።

እንግዲህ ማንን እንውቀስ? የኖርዌይን መንግሥት? ይወቀስ፤ የዕውቀትን በር በገንዘብ መዝጋት ለሀብታም አገር አያምርም። ነገር ግን አገር ቤት ያለው አባት የሚያምነው ፓርላማውን ሳይሆን እኛን ነው። ደላላውም የሚነግደው በእኛ ፎቶግራፍ ነው።

አንድ የማውቃቸው አባት ቤታቸውን ሸጠው ለልጃቸው «ጉዳይ አስፈጻሚ» ከፈሉ። የዩኒቨርሲቲው የክፍያ ደብዳቤ ሲደርስ በእጃቸው የቀረው ገንዘብ ለአንድ መንፈቅ እንኳ አልበቃም። ወደ እኔ የደወሉት ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ለመሆኑ ከዓመታት በፊት «በነፃ ነው» ብሎ የነገራቸው ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኝ። ነገሩ ሲለወጥ መልሼ ደውዬ አልነገርኳቸውም።

«ወጣቱን ለምን ተስፋ እናስቆርጠዋለን? ሠርቶ ይከፍል የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ለተማሪ የሚፈቀደው ሥራ በትምህርት ወራት በሳምንት 20 ሰዓት ነው። በ20 ሰዓት የሳህን አጠባ ደመወዝ የቤት ኪራይም፣ ቀለብም፣ የትምህርት ክፍያም አይሸፈንም። ይህን ደብቆ ልጁን መጥራት «ላም አለኝ በሰማይ» ማስባል ነው።

ተስፋ የሚሰጠው ትክክለኛውን መንገድ ማሳየት ነው። ኖርዌይ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው፤ ማስተርሱን አገር ቤት በጥሩ ውጤት የጨረሰ ሊወዳደር ይችላል። በጀርመንም አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣውን በየመንፈቁ 1500 ዩሮ ያስከፍላል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ማን ይንገራቸው? እኛው ነን እንጂ!

ፍዮርዱ ውብ ነው፤ ፎቶግራፉን መላክ አንተው። ከእንግዲህ ግን ስንልክ ከጀርባው ሒሳቡን እንጻፍበት።