የተቆረጠ ካታሊስት አንሸከም

ድንበር እያቋረጥን የምንነግድ ወገኖች፣ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከመኪና ሆድ ሥር ያለ ነው። አገር ቤት ካታሊስት ይሉታል፤ እዚህ ካርቲየ 1 ፈረንሳይኛ የለመድን ካታሊዘር እንለዋለን። በሞተሩና በማርሚታው መካከል ተገጥሞ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድና ሳይቃጠል የቀረውን ነዳጅ ጉዳቱ ወዳነሰ ጭስ ይለውጣል። በውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ግን ቆርጠው ይሸጡታል፤ በቦታው ባዶ ቱቦ ይበየዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኛ ዘንድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። የኔዘርላንድ ተቆጣጣሪዎችም ወደ አፍሪካ የሚጫኑትን ሲፈትሹ አብዛኞቹ የጸና የቴክኒክ ምርመራ ማረጋገጫ አልነበራቸውም፤ ካታሊስታቸው የወጣም ተገኝቷል።

«ከተቆረጠ መኪናው ጉልበት ያገኛል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። የተደፈነ ካታሊስት ሞተሩን እንደሚያንቀው እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ምክንያት አይደፈንም፤ ሞተሩ ዘይት ሲበላ ወይም ካንዴላው በደንብ ሳያቃጥል ሲቀር ነው። ቆርጦ መጣል ሕመሙን ትቶ በሽተኛውን ዝም ማሰኘት ነው። ጭሱን ደግሞ ባለመኪናው ብቻውን አይስበውም፤ መንገድ ዳር ጉልት የተቀመጠችው እናት፣ ትራፊክ ፖሊሱና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅም ይስቡታል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከብዷል። አገር ውስጥ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ዛሬ ካታሊስቱ የወጣበት መኪና እስኪወድቅ ድረስ ያንኑ ጭስ እየተፋ ይኖራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንስማማ። አንደኛ፣ እዚህ ጅቡቲ ያገለገለ መኪና ስንገዛም ስናሻሽጥም ከሥሩ ገብተን እንይ፤ አዲስ ብየዳና ቀጥ ያለ ቱቦ ካለ እንጠይቅ። ቁልፉን ከፍተን ሞተሩን ሳናስነሣ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት፤ ካልበራ አንድም ተበላሽቷል፣ አንድም ሆን ተብሎ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ለገዢው ሳንደብቅ እንንገር፤ ዋጋውም በዚያው ይቀነስ። ሦስተኛ፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የተቆረጠ ካታሊስት እንደ ቁርጥራጭ ብረት አንግዛ፣ በዕቃችን መካከልም አናሻግር።

«እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚለው ወገን አይጠፋም። አንድ ሰው ብቻውን ከተወው እውነቱን ነው። ለዚህ ነው በአንድነት የምንናገረው፦ ገዢ ያጣ ዕቃ ቆራጭም ያጣል።