ለስንዴው የታሰበለት ለሕፃኑስ?

በአገራችን ስለ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ነገሩ የሚጀመረው ከላይ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲ ብዛት፥ ስለ መምህራን ደመወዝ፥ ስለ መልቀቂያ ፈተና፥ ስለ ምግብ ቤታችን እንጀራ ሳይቀር ብዙ ተብሏል፤ በዚህ በኛ ጋዜጣም ጭምር። እኔ ዛሬ ላመለክት የምወደው ግን ከታች ስላለው፥ ገና አፉን በቅጡ ስላልፈታው ነው። እርሱ ማኅበር የለውም፥ ጋዜጣ የለውም፥ ስብሰባ አይጠራም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊናገርለት ይገባል።

ተወልጄ ያደግሁት በአሰላ ስለ ሆነ ምሳሌዬን ከዚያው አመጣለሁ። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከከተማይቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ በቁሉምሳ ለስንዴ ዘር ምርምር የተቋቋመ ጣቢያ አለ። በ1967 እ.ኤ.አ. ከስዊድን መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተመሥርቶ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ፥ የተዳቀለችም የወተት ላም ለገበሬው አደረሰ። ያ ሥራ እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ትራክተር በገባበት መሬት ላይ ብዙ ጭሰኛ እንደ ተነቀለ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የተነሣበት አሳብ ትክክል ነበር። መከሩ የሚወሰነው በአጨዳው ቀን ሳይሆን በዘሩና በቡቃያው ጊዜ ነው የሚል ነበር። አርሲ ይህን ነገር ስለ ስንዴ ካወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለልጆቹ ግን ገና አልሠራበትም።

በባላገር ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ከእናቱ ጋራ ይውላል፤ ሲከብዳት ለአያቱ ትተወዋለች፥ አያቱ ስትደክም ለጎረቤት። ይህ ሥርዓት መልካም ነበር፤ ዛሬም ባለበት መልካም ነው። ነገር ግን እናቲቱ ሥራ ፍለጋ አሰላ ገብታ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታለች እንበል። አያቲቱ የቀሩት በቆጂ ወይም ሳጉሬ ነው። እናቲቱ በብቅል ፋብሪካው ትሠራለች፥ ወይም በሆስፒታል ወለል ታጸዳለች፥ ወይም ጉልት ተቀምጣ ድንችና ሽንኩርት ትቸረችራለች፥ ወይም አዲስ በሚሠራ ሕንፃ ላይ አሸዋ በባሬላ ትሸከማለች። ባልዋም ባጃጅ ይነዳል። ጎረቤትዋም እንደርስዋ ጧት ወጥታ ማታ የምትገባ ናት። እንግዲህ ሕፃኑን ማን ይያዘው?

መልሱን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ግን አንናገረውም። የአሰላ መዋእለ ሕፃናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ወይ ከትምህርት ቤት የቀረች ታላቅ እኅት ናት፥ ወይም «በማታ ትማራለች» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ። የማታ ትምህርቱ ሕፃኑ ሲታመም ይቀራል፥ እንግዳ ሲመጣ ይቀራል፥ በመጨረሻም ጨርሶ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ሌላ ደንብ ይወጣለታል ብሎ አልፎታል። ስለዚህ በፋብሪካ በር ላይ የሚያዝ ሕግ ከቤታችን ደጃፍ አይገባም።

ይህን ስጽፍ እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። ሌላ ምን ታድርግ? የግል መዋእለ ሕፃናት ብትል ክፍያው የቤት ኪራይዋን ይበላዋል። ቤትዋ ብትቀመጥ የምትበላው የለም። ሕፃኑን ዘግታበት ብትሄድ ከሰል አለ፥ ውኃ አለ፥ ደረጃ አለ። ከሦስቱ ክፉ የቀለለውን መረጠች። እኛ ግን ይህን ጋዜጣ የምናነብ ተማሪዎችና መምህራን አንድ ነገር ማመን አለብን። ድሀ አገር ነን፥ ለሕፃናት ማቆያ ገንዘብ የለንም የሚለው ቃል እውነት አይደለም። ዛሬም እየተከፈለበት ነው። ከፋይዋ ያች ልጅ ናት፤ የምትከፍለውም በትምህርትዋ ነው። በየዓመቱ «ሴት ተማሪዎች ከመካከለኛ ደረጃ በኋላ ለምን ያንሳሉ» እያልን ጥናት ከምናጠና አንድ ጊዜ በየጓዳው ብንመለከት ከምክንያቶቹ አንዱን እዚያ ታዝሎ እናገኘዋለን።

ሕጉንም እንመልከት። የጤና ሰዎች ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ ብለው ያስተምራሉ። አዋጁ ለሠራተኛይቱ የሚሰጣት ከመውለድዋ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው። ቀሪውን ጊዜ ማን እንዲሞላው እንደ ታሰበ አልተጻፈም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤትም ተዘጋጅቶ ታይቷል። መልካም ነው። ግን ይህ የደረሰው ለባለ ጠረጴዛዋ ነው። ጉልት ለምትቸረችረው አሠሪ የላትም፤ አሸዋ የምትሸከመውም አሠሪዋ በየሳምንቱ ይለወጣል። ሕጉ የሚጠብቃት ይበልጥ የተመቻትን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ በአገራችን የመጀመሪያው መዋእለ ሕፃናት የተከፈተው በድሬዳዋ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ለማን ኖሮአል? የምድር ባቡሩን ለመሥራት ለመጡት ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ልጁ የሚውልበት ያጣ ሠራተኛ ልቡ ከሥራው እንደማይሆን ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው፤ ሐዲዱን በትከሻው ለተሸከመው ያገር ሰው ግን አልታሰበም። የኛዎቹን ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩት የቄስ ትምህርት ቤቱና የቁርአን ቤቱ ናቸው። ከዛፍ ጥላ በቀር ሌላ ሀብት ሳይኖራቸው የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን ተቀብለው ፊደል አስቈጥረዋል። ለዚህ ውለታቸው መንግሥት ምን እንደ ከፈላቸው እንጃ!

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ስለ መዋእለ ሕፃናት ቢያነሣም ሥራውን የያዙት በአብዛኛው የግልና የእምነት ድርጅቶች ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የሕፃናትን እንክብካቤና ትምህርት የሚመለከት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት «ኦ ክፍል» ተከፈተ። ከመቶ ሕፃን አምስት ያህል ብቻ ይማር የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሲሶ በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲም የቅድመ አንደኛ ትምህርቱን 2 ዓመት አድርጎታል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነውና የሠራውን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፥ ኦ ክፍል የሚቀበለው ስድስት ዓመት የሞላውን ነው፤ ከጡት እስከ ስድስት ዓመት ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ሁለተኛው፥ ብዙውን ጊዜ ልጆቹ በ6 ሰዓት ይለቀቃሉ፤ እናቲቱ የምትወጣው ግን በ11 ሰዓት ነው። ታዲያ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ማን ነው? ያችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ለታናሽዋ የተከፈተው ክፍል እርስዋን አላስፈታትም።

ርቀትም አለ። እኛ የአርሲ ልጆች ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበር ስናወራ ደረታችን ይነፋል። ይገባናልም። ዳሩ ግን የአራት ዓመት ሕፃን 10 ኪሎ ሜትር አይሮጥም። የሕፃናት ማቆያ እንደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወረዳ አንድ ተብሎ የሚሠራ አይደለም። እናቲቱ በምትሠራበት ወይም በምታድርበት ሰፈር ካልሆነ የለም ማለት ነው።

ስለ ውጭ አገር ሲነሣ «እነርሱ ሀብታም ናቸው» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ሕንድን ልጥራ። በ1969 እ.ኤ.አ. በዴልሂ ሕንፃ በሚሠራበት ስፍራ ድንኳን ተተክሎ የሴት ቀን ሠራተኞች ሕፃናት የሚጠበቁበት ሥራ ተጀመረ። በ1975 ደግሞ መንግሥቱ ምግብን፥ ክትባትንና ትምህርትን ባንድ ያጠቃለለ ፕሮግራም አቋቁሞ በየመንደሩ «አንጋንዋዲ» የሚባለውን የሕፃናት ጣቢያ ከፈተ። ያን ጊዜ ሕንድ ሀብታም አልነበረችም። ስዊድንም እኛ አገር የስንዴ ዘር ታከፋፍል በነበረበት ዘመን በገዛ አገርዋ የሕፃናት ማቆያን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን በ1968 አቁማ ነበር፤ በ1974ም የወሊድ ፈቃድን ለአባትም ጭምር አደረገች። ከስዊድኖች ዘሩንና ላሙን ተቀበልን፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በአሜሪካ ሚሺጋን ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1967 ከድሀ ቤት የመጡ 123 ሕፃናት ተመርጠው 58ቱ መልካም የመዋእለ ሕፃናት ትምህርት እንዲያገኙ፥ 65ቱ እንዳያገኙ ተደረገ። 40 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ክትትል ሲደረግባቸው የተማሩት በትምህርት ብዙ የገፉ፥ ደህና ገቢ ያላቸው፥ በወንጀልም ያነሰ የተያዙ ሆነው ተገኙ። ጄምስ ሄክማን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በዚህ ላይ የዋለው ገንዘብ በዓመት ከመቶ 7 እስከ 10 ትርፍ እንዳስገኘ አስልቷል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ትምህርት ቤት በአንዲት መምህርት ፊት የሚቀመጡት ሕፃናት ጥቂት ነበሩ፤ መምህራኑም የሠለጠኑ ነበሩ። ሕፃናትን እንደ ከረጢት እህል በአንድ ክፍል አጭቆ ፊደል ማስጮህ ያንኑ ፍሬ ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ ራሱን ያታልላል። በውድ የግል ትምህርት ቤትም የአፍ ቋንቋውን ያልጨረሰውን ሕፃን በእንግሊዝኛ ማሸምደድ እንክብካቤ አይባልም።

ሠራተኛውስ ከየት ይመጣል? ለዚህ ከራሳችን አገር የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች ከየቀበሌው ተመርጠው፥ አንድ ዓመት ሠልጥነው፥ በዚያው ባደጉበት ስፍራ በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። በጥቂት ዓመታት ከ30,000 በላይ ሆኑ። ያን ጊዜም «አይቻልም» የሚሉ ነበሩ። ዛሬ 12ኛ ክፍል ጨርሰው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያልመጣላቸው ልጃገረዶች በአሰላ፥ በበቆጂ፥ በሮቤ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። እነዚህን አሠልጥኖ የሰፈር ሕፃናት ጠባቂና አስተማሪ ማድረግ እንዴት ይከብዳል? አዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ጀምራ የሕፃናት ማቆያ ከመክፈትዋም በላይ በየቤቱ እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ሠራተኞች አሰማርታለች። የዋና ከተማ ሕፃን ከአሰላ ሕፃን በምን ይበልጣል?

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። እኛ የሃያ ዓመት ጎረምሶች በመንግሥት ወጪ እንበላለን፥ እንተኛለን፥ እንማራለን፤ ወጪ መጋራት የሚባለውንም የምንከፍለው ከተመረቅን በኋላ ነው። ይነሣብን አልልም። ነገር ግን እዚህ የደረስነው እኛ በብዙ ወንፊት ያለፍን ጥቂቶች ነን፤ ብዙዎቹ የቀሩት የመጀመሪያው ወንፊት ላይ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ለቆመው ሙሉ ወጪ የሚችል መንግሥት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለው ግማሽ ቀን ብቻ መስጠቱ ሒሳቡ አይገባኝም። ደግሞም ሸክሙ ሁሉ የመንግሥት አይሁን። የሴት ጉልበት የሚጠቀም ፋብሪካ፥ ሆቴልና የሕንፃ ተቋራጭ እንደ ሠራተኛው ብዛት ድርሻውን ያዋጣ። ማዘጋጃ ቤቱም ቦታ ሲመራ ለገበያው አጠገብ አንድ ስፍራ ይለይ። ማቆያው ጧት ከ1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይከፈት፤ ክፍያው እንደ ገቢ ይሁን፥ ምንም የሌላት በነፃ ታስገባ። የወተት አገር ነውና ለየሕፃኑ አንድ ኩባያ ወተት ይሰጥ። በቆላው የሴፍቲ ኔት ሥራ በሚሠራበት ቦታም ዳስ ተጥሎ ከሠራተኞቹ አንድዋ ሕፃናቱን ትጠብቅ፤ ይህ ሥራ ተብሎም ይቈጠርላት።

ለተማሪ ማኅበራችን ደግሞ የማቀርበው ጥያቄ አጠገባችን ያለውን የሚመለከት ነው። ጧት በ11 ሰዓት ተነሥተው ቍርሳችንን የሚያዘጋጁ፥ መጸዳጃችንን የሚያጸዱ እናቶች አሉ። ሕፃን የያዙ ወጣት መምህራት አሉ፤ ወልደው ትምህርታቸውን ያቋረጡ እኅቶቻችንም አሉ። የትምህርት፥ የነርስና የሥነ ልቡና ተማሪዎች ለልምምድ ቦታ በሚፈልጉበት ግቢ ውስጥ አንድ የሕፃናት ማቆያ ቤት ቢከፈት ለሁሉም ይሆናል። ሠራተኞቹ ግን በደመወዝ ይቀጠሩ፤ በበጎ ፈቃደኛ ተማሪ የሚጀመር ሥራ በፈተና ሳምንት እንደሚዘጋ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ሦስት ሰዎች መርጦ በግቢው ውስጥ ስንት ሠራተኞች፥ መምህራትና ተማሪዎች ከስድስት ዓመት በታች ልጅ እንዳላቸው፥ ቀን ቀን ማን እንደሚጠብቅላቸው፥ ጠባቂዋም ስንት ዓመትዋ እንደ ሆነ ይቍጠርልን። ቍጥሩ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ፤ ጉዳዩም ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ይያዝልን።